«ክረምት ከበጋ» የሚለው ቃል በሐምሌ ሲመዘን

በአገራችን የመንገድ ምረቃ ዜና ውስጥ የማይቀር አንድ ሐረግ አለ፤ «ክረምት ከበጋ የሚያገለግል መንገድ» የሚል። የምረቃው ሥነ ሥርዓት በጥር ወይም በየካቲት ፀሐይ ሲካሄድ ይህን ሐረግ የሚጠራጠር አይኖርም። ጠጠሩ አዲስ ነው፤ ቦዩ ገና ደለል አላየም፤ እንግዶቹም ልብሳቸው ላይ ያረፈውን አቧራ እያራገፉ ወደመጡበት ይመለሳሉ። የሐረጉ እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው ከአምስትና ከስድስት ወር በኋላ ነው። ያን ጊዜ የገጠሩ ነዋሪ በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት ፍለጋ ይወጣል፤ የጭነት መኪና ሾፌርም ጭቃው ፊት ደርሶ ሞተሩን አጥፍቶ ይቀመጣል።

ኢትዮጵያ ሁለት የመንገድ ካርታዎች አሏት ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዱ የጥር ካርታ ነው። በሪፖርት ውስጥ የሚገባውና በቢሮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እርሱ ነው። ሁለተኛው የሐምሌ ካርታ ነው። ይኼኛው በአብዛኛው የሚገኘው በሾፌሮች፣ በረዳቶች፣ በጤና ጣቢያ ሠራተኞችና በእህል ነጋዴዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው። የትኛው ወንዝ ሲሞላ ስንት ሰዓት እንደሚያስቆም፣ የትኛው ዳገት ከዝናብ በኋላ እንደማይወጣ፣ የትኛው ድልድይ አጠገቡ ያለው አፈር እንደተሸረሸረ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ለመጀመሪያው ካርታ ብዙ ገንዘብና ጉልበት ፈሷል፤ ውጤትም ተገኝቷል። ሁለተኛው ካርታ ግን የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። አገር የምትመገበውና የምትታከመው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው።

ኪሎ ሜትሩ አድጓል፤ ዋስትናውስ?

በቅድሚያ የተሠራውን መመስከር ተገቢ ነው። የዓለም ባንክ በአፍሪካ ምድር ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1950 ለኢትዮጵያ መንገዶች የተፈቀደው 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዘመን፣ በ1943 ዓ.ም.፣ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድገት ለአራት አሥርት ዓመታት ዝግተኛ ነበር። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር የአገሪቱ ጠቅላላ የመንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ አስፋልት የነበረው 3,708 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ጠቅላላው ርዝመት ከ110,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። በ18 ዓመት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ማደግ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁንና ከዚህ ዕድገት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው አስፋልት አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም አማካይነት ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ጋር ለማገናኘት የተሠራው የወረዳ መንገድ ነው። ዓላማው ትልቅ ነበር። ገበሬው ግማሽ ቀን ሳይጓዝ መኪና የሚያገኝበትን ሁኔታ መፍጠር ነው። መንገዶቹ የተሠሩት ግን በአነስተኛ ወጪ፣ በገረጋንቲና በጠጠር፣ ብዙ ጊዜም ገና ልምድ በማካበት ላይ በነበሩ አነስተኛ ተቋራጮች ነው። እንዲህ ያለ መንገድ የሚኖረው በየዓመቱ ሲጠገን ብቻ ነው። የጠጠር መንገድ የላይ ልብሱ በጎማና በጎርፍ እየተጠረገ በየዓመቱ ይሳሳል። ካልተደረበለት ጥቂት ክረምቶች አልፈው ከሥር ያለው አፈር ብቅ ይላል። ያን ጊዜ መንገዱ በሪፖርት «ክረምት ከበጋ» እንደሆነ ቢቀጥልም፣ በተግባር ወደ በጋ መንገድነት ወርዷል።

እዚህ ላይ አንድ የትርጉም ጉዳይ መነሳት አለበት። የዓለም ባንክ የገጠር መንገድ ተደራሽነትን የሚለካው ከገጠሩ ሕዝብ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ከሚያገለግል መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚኖረው ምን ያህሉ ነው በሚል ጥያቄ ነው። «ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል» ማለትም በአካባቢው የተለመደው መጓጓዣ፣ ማለትም ፎር ዊል ያልሆነ ፒካፕ ወይም የጭነት መኪና፣ በክፉ አየር ለአጭር ጊዜ ከመስተጓጎል በቀር የሚያልፍበት ማለት ነው። በእኛ አገር ግን መንገዱ ክፍት መሆኑን አይቶ የሚመሰክረው ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ነው። ላንድክሩዘሩ ያለፈበት ጭቃ ሃያ አምስት ሰው የጫነውን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያሰጥማል። ማዳበሪያ የጫነው አይሱዙም እዚያው ያድራል። መስካሪው ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ደግሞ ሪፖርቱ ሊቃና አይችልም።

ውሃ መንገድን እንዴት ይገድላል?

ብዙዎቻችን መንገድን የሚያበላሸው መኪና ይመስለናል። መሐንዲሶች ግን ቀዳሚው ጠላት ውሃ መሆኑን ይናገራሉ። መንገድ ሸክሙን የሚችለው ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅና የታመቀ ሲሆን ነው። ውሃ ሲሰርግበት አፈሩ ጥንካሬውን ያጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከባድ መኪና በበጋ ምንም የማያደርሰውን ጉዳት በአንድ ጉዞ ያደርሳል።

የእኛን ችግር የሚያከብደው የአፈራችን ጠባይ ነው። በደጋና በወይናደጋ ሜዳዎች ላይ የተንጣለለው ጥቁር ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እያወጣ ይኮማተራል። በላዩ ላይ የተቀመጠው መንገድ በየዓመቱ አብሮት ይነሳል፤ አብሮት ይወርዳል። ጤፍ የሚያበቅልልን ለም አፈር ለመንገድ ሥራ ግን ከሁሉም የከፋው ነው። ለዚህም ነው ጥሩ ተቋራጭ ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በተመረጠ ገረጋንቲ የሚተካው። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ይህ ሥራ ሲዘለል ዋጋውን የሚከፍለው ክረምት ላይ የሚጓዘው ሕዝብ ነው።

በገደላማው አካባቢ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የዓባይ በረሃ መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። መንገዱ ከሁለቱም ወገን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ይወጣል። በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ታድሶ፣ 303 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008 ተመርቋል። ድልድዩ ጸንቶ ቆሟል። መንገዱ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር በተንሸራታቹ አፈር ላይ ሲሰነጠቅና ሲሰምጥ ኖሯል። የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ የበረሃውን የመሬት መንሸራተት የሚያጠና ፕሮጀክት እስከ ማካሄድ የደረሰውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ተራራ በአስፋልት ብቻ ማቆም አይቻልም። በተራራው ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ማስወጣትን ይጠይቃል።

የመሬት መንሸራተት ከመንገድ መዘጋትም በላይ እንደሆነ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው አደጋ አሳይቶናል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። ነዋሪዎች በእጃቸውና በአካፋ ሲቆፍሩ የታዩበት ያ ምስል ለብዙ ጊዜ ከዓይን የሚጠፋ አይደለም። ዝናብ ባለበት ተራራማ ቦታ ነፍስ አድን ሥራ የሚፈልገው ማሽን የሚደርስበትን መንገድ ጭምር ነው። ያ መንገድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተራራው ጋር አብሮ የሚጎዳ ነው።

ሦስተኛው ነገር ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተካሄደው ታዋቂ የመንገድ ሙከራ ያረጋገጠው እውነት አለ። በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚያድገው በአራት ደረጃ ተባዝቶ ነው። በአንድ አክስል 10 ቶን መጫን የተፈቀደለት መኪና 12 ቶን ቢጭን ክብደቱ የጨመረው 20 በመቶ ብቻ ነው። ጉዳቱ ግን እጥፍ ይሆናል። ይህ በደህና መንገድ ላይ የተሠራ ስሌት ነው። ከሥሩ የራሰ የጠጠር መንገድ ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምት። የዋናው መስመር የሚዛን ጣቢያዎች ይህንን ለመቆጣጠር የተተከሉ ናቸው። የወረዳ መንገድ ግን ሚዛን የለውም። አሸዋ፣ ግንድ፣ ቡናና እህል ተከምሮ የሚወጣው ደግሞ ከዚያ ነው።

ከጭቃው ወዲያ ማን አለ?

ስለ መንገድ ስናወራ ብዙ ጊዜ ስለ መኪና እናወራለን። ከጭቃው ወዲያ የቀረውን ሰው ማሰብ ይገባል። በመጀመሪያ የምትታሰበው ነፍሰ ጡር ናት። ጤና ጣቢያዎቻችን አጠገብ የእናቶች ማቆያ ቤት እንዲኖር የተደረገበት አንዱ ምክንያት ምጥ ከጀመረ በኋላ መድረስ የማይቻልባቸው ቦታዎች በመኖራቸው ነው። ጥሩ መላ ነው። ዳሩ ግን አንዲት እናት መንገድ ስለሌላት ብቻ ቤቷንና ልጆቿን ትታ ሳምንታት ቀድማ መውጣት እንዳለባት የሚያሳይ ምስክርም ነው። በዚያ ላይ አምቡላንሱ ከወረዳ ከተማ ወጥቶ ወንዝ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሰዎች ደግሞ እናቲቱን በትከሻ ይዘው ወንዙን ያሻግራሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ማዳበሪያ ነው። አገሪቱ የምትጠቀምበት ማዳበሪያ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው። ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ ነው። ዩሪያም ለሰብሉ የሚጨመረው ዝናቡ በበረታበት ወቅት ነው። ግዥው ወይም ማጓጓዙ በአንድ ወር ሲዘገይ በሪፖርት ላይ «መጠነኛ መዘግየት» ተብሎ ይጻፋል። በሐምሌ ካርታ ላይ ግን አንድ ወር ማለት መኪና በሚገባበትና በማይገባበት ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በግንቦት ያልደረሰው ኩንታል በሐምሌ በአህያ ጀርባ የሚሄድ ይሆናል፤ ወይም ጨርሶ አይሄድም። የከተማው ሰው ይህን የሚያውቀው በሚቀጥለው ዓመት የጤፍ ዋጋ ሲጠይቅ ነው።

የሾፌሩ ውሳኔ

በክረምት ጉዞ ላይ ያለው አደጋ ሁሉ የመንገድ ሥራ ጉድለት ብቻ አይደለም። የሾፌር ውሳኔም አለበት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአገራችን አባባል ለመኪናም ይሠራል። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውሃ ትንሽ የቤት መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ፒካፕን ጨምሮ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። 60 ሴንቲ ሜትር ማለት ከአዋቂ ሰው ጉልበት ብዙም የማይበልጥ ውሃ ነው። ከመሪው ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። የደፈረሰው ውሃ ከሥሩ መንገዱን ቦርቡሮ ወስዶት እንደሆነም አይታይም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 በኬንያ ምዊንጊ አካባቢ የደረሰው አደጋ ለዚህ መራራ ማስረጃ ነው። ወደ ሠርግ የሚሄዱ ሰዎችን የያዘ አውቶቡስ ውሃ የተኛበትን የኤንዚዩ ወንዝ መሻገሪያ ለማለፍ ሲሞክር ተገለበጠና ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። በወንዙ ዳር ቆሞ የሚያይ ሕዝብ ነበር። ወንዙ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊጎድል ይችል ነበር። የጎደለው ትዕግሥት ነበር፤ ከትዕግሥቱ በፊት ደግሞ ድልድይ። ድልድዩ የተሠራው ከአደጋው በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

በቆላው የአገራችን ክፍል ደግሞ ከላይ ሳይዘንብ ጎርፍ ይመጣል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው የደቻቱ ጎርፍ ምንጩ ከበላይ ያለው ደጋ ነበር፤ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ደረቅ የወንዝ አሸዋን እንደ መንገድ መጠቀም በተለመደባቸው በምሥራቅና በደቡብ አካባቢዎች ሾፌሩ ማየት ያለበት ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን ከተራራው ወዲያ ያለውን ደመና ነው።

እንዲህም ሆኖ ፍርዱን ሁሉ በሾፌሩ ላይ መጣል አግባብ አይደለም። ሾፌሩ እንዲቸኩል የሚያደርጉት ብዙ ናቸው። ባለንብረቱ በየሰዓቱ ይደውላል። ጭነቱ አትክልት ከሆነ ይበላሻል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በብዙ መስመሮች ላይ ሌላ ጭንቀት ተጨምሯል። ጨለማ ሳይመጣ መድረስ የግድ ነው። በመንገድ ላይ እገታና ዝርፊያ በሚሰማበት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ማደር እንደ ቀድሞው ብርድና ረሃብ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሾፌሩ የሞላ ወንዝና የመሸ መንገድ መካከል ሆኖ ያስባል። ከሁለት አደጋዎች አንዱን እንዲመርጥ የተገደደን ሰው «ለምን ደፈርክ?» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። የሚቆምበት አስተማማኝ ቦታ ማዘጋጀት ግን የመንግሥት ሥራ ነው።

ከጎረቤትና ከሩቅ አገር

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በሐሩር ክልል ያሉ አገሮች ሁሉ የሚጋሩት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው እያንዳንዱ አገር ከሰጠው ምላሽ ነው።

በጎ የሆነውን ለመጥቀስ ያህል ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው የኬንያ መንገድ ቅርባችን ነው። ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መስመር ለዘመናት ድንጋይና ዋልካ የተፈራረቀበት ነበር። በደህናው ጊዜ ሁለት ቀን፣ ዝናብ ሲጥል ግን ስንት ቀን እንደሚፈጅ ማንም የማይተነብየው ጉዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ አስፋልቱ ሲጠናቀቅ ከሞያሌ ናይሮቢ በአንድ ቀን የሚደረስበት ሆነ። ከካይሮ ኬፕታውን ሊዘረጋ በታሰበው የአፍሪካ አውራ ጎዳና ላይ ከባድ ይባል የነበረው ክፍል ዛሬ የተለመደ የአውቶቡስ መስመር ነው።

በሌላ ወገን ደቡብ ሱዳን አለች። በጆንግሌይና በላይኛው ናይል ግዛቶች አብዛኛው መንገድ በዝናብ ወቅት አያሳልፍም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ዝናቡ ሳይገባ እህሉን አስቀድሞ ለማከማቸት በየዓመቱ ከጊዜ ጋር ይሽቀዳደማል። ያልደረሰበትን በአውሮፕላን ከሰማይ ይጥላል። ከእነዚህ በረራዎች የተወሰኑት ከእኛው ጋምቤላና ጅማ የተነሱ ነበሩ። ከሰማይ የሚጣል አንድ ኩንታል እህል በመኪና ከሚደርሰው ብዙ እጥፍ ያስወጣል። መንገድ አለመኖር ርካሽ የሚመስለው ሒሳቡ እስኪሠራ ድረስ ብቻ ነው።

የብራዚል ነገር ደግሞ ለእኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ማናውስን ከፖርቶ ቬልዮ የሚያገናኘውና ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአማዞን አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1976 ሲመረቅ አስፋልት ነበር። ጥገና በማጣቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ገደማ መኪና የማያልፍበት ሆነ። አንድ ትውልድ እንኳ ሳይሞላው ጫካው መልሶ ዋጠው። መሐሉን መልሶ ለመሥራት ሲታሰብም ደኑን ያስጨፈጭፋል የሚል ክርክር ተነሥቶ ለዓመታት ሲያነታርክ ኖሯል። በሌላው የአማዞን መስመር፣ ከኩያባ ሳንታሬም በሚሄደው መንገድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ አኩሪ አተር የጫኑ በሺህ የሚቆጠሩ ከባድ መኪኖች አስፋልት ባልለበሰ አጭር ክፍል ላይ በጭቃ ተይዘው ሰነበቱ። በዓለም ገበያ ላይ ትልቅ ስም ያለው ላኪ አገር በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ጭቃ ተገታ። ያ ክፍል እስከ ወንዝ ወደቡ አስፋልት የለበሰው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። መንገድ እንደ ሰንሰለት ነው፤ ጥንካሬው የሚለካው በደካማው ቀለበት ነው።

የዝናብ ኬላ

ብዙ ገንዘብ ሳያስፈልግ ከሌሎች ልንማረው የምንችለው አንድ አሠራር አለ። በካሜሩን፣ በኮንጎና በሌሎች የመካከለኛውና የምዕራብ አፍሪካ አገሮች «የዝናብ ኬላ» ሊባል የሚችል ነገር አለ። አስፋልት ባልሆነ መንገድ ላይ ግንድ ወይም ብረት በመንገዱ ላይ ይዘረጋል። ዝናብ ሲጀምር ኬላው ይዘጋል። ዝናቡ ካባራም በኋላ ውሃው እስኪወርድና መንገዱ እስኪጠነክር ጥቂት ሰዓት ይጠበቃል። ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ይቆያሉ፤ ከዚያ ይለቀቃሉ። በካሜሩን ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የመንገድ ሀብት ጥበቃ ሕግ ውስጥ ሳይቀር ተካቷል።

የአሠራሩ አመክንዮ ግልጽ ነው። አንድ ከባድ መኪና በራሰ መንገድ ላይ የሚያወጣው ጥልቅ የጎማ ቦይ ቀጣዩን ዝናብ ይይዛል። የያዘው ውሃ መሠረቱን ያረጥባል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት መኪኖች ሁሉ ያንኑ ያጠልቁታል። ስድስት ሰዓት መጠበቅ ያልፈለገ አንድ ሾፌር መንገዱን ለሌላው ሁሉ ለሳምንታት ሊዘጋው ይችላል። ይህ የድሃ አገር መላ ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ግዛቶችም በረዶ በሚቀልጥበት ወቅት መንገዱ ስለሚለሰልስ ከባድ መኪኖች ጭነት እንዲቀንሱ በሕግ ይገደዳሉ።

እርግጥ ነው፣ ኬላ ባለበት ሁሉ ጉቦ ሊኖር ይችላል። በእነዚያ አገሮችም ገንዘብ ተቀብለው የሚከፍቱ ጠባቂዎች ሲወቀሱ ይሰማል። በእኛም አገር በየመንገዱ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ የሚጠይቅ ገመድ መብዛቱ ሾፌሮችን ያማረረ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የዝናብ ኬላ ሌላ የገቢ ምንጭ እንዳይሆን ደንቡ ግልጽ መሆን አለበት። የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ሰዓት ይመዝገብ፤ አምቡላንስና ቀላል መኪና ይለፍ፤ የአካባቢው ማኅበረሰብም በጥበቃው ይሳተፍ። በዚህ ሁኔታ በተመረጡ የወረዳ መንገዶች ላይ ቢሞከር የሚጠይቀው አንድ ግንድ፣ አንድ ጠባቂና አንድ መዝገብ ነው። የሚያድነው ግን በሚሊዮን ብር የተሠራ መንገድ ነው።

የሐምሌን ካርታ መሥራት

ጥገና ዜና አይሆንም። ቦይ ለጠረገ ሰው ሪባን አይቆረጥም። የታወቀው ችግራችን ይኼ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የዓለም ልማት ሪፖርት ላይ እንዳመለከተው፣ በአፍሪካ በቀደሙት አሥር ዓመታት 12 ቢሊዮን ዶላር ለጥገና በወቅቱ ቢወጣ ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይድን ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቁጥር አይገኝም። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድ የተቋቋመውም በዚሁ ዘመን፣ በዚሁ መንፈስ ነበር። ከመንገዱ ተጠቃሚ፣ በተለይም ከነዳጅ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና እንዲውል ታሰበ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን የመንገዱ ርዝመት ከአራት እጥፍ በላይ ሲያድግ የጥገናው ገንዘብ፣ ማሽንና ባለሙያ በዚያው ልክ ማደግ ነበረበት። የወረዳ መንገድን የሚጠግን ግሬደር አንድ ዞን ውስጥ በተራ የሚጠበቅ ከሆነ ችግሩ የት እንዳለ መመራመር አያስፈልግም።

ከዚህ አንጻር መደረግ ያለበት ሩቅ አይደለም። በመጀመሪያ የፌዴራልና የክልል የመንገድ መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ ግንቦት ላይ የሐምሌን ካርታ በይፋ ያውጡ። የትኛው መስመር ያስተማምናል፣ የትኛው ከዝናብ በኋላ ጥቂት ሰዓት ይፈልጋል፣ የትኛው እስከ መስከረም አይታሰብም የሚለው ይገለጽ። የግብርና መሥሪያ ቤቱ ማዳበሪያውን፣ የጤና መሥሪያ ቤቱ መድኃኒቱን፣ ነጋዴው እህሉን በዚያ ካርታ ያቅድ። መረጃው ሾፌሮች ጋ አለ፤ የጎደለው የሚጠይቃቸውና የሚጽፈው ነው። ይህን ማውጣት ለኃላፊዎች የሚያሳፍር ሊመስል ይችላል። የበለጠ የሚያሳፍረው ግን በሪፖርት የተከፈተ መንገድ ላይ አምቡላንስ ተይዞ ማደሩ ነው።

ሁለተኛ፣ በጀት ሲመደብ አዲስ ኪሎ ሜትር ከመጨመር በፊት ያለው መንገድ ቦይ፣ ቱቦና ትናንሽ ድልድዮች ይሟሉ። አንድ ወንዝ ላይ የሚሠራ መሻገሪያ ብዙ ጊዜ ሃያና ሠላሳ ኪሎ ሜትር መንገድን ከበጋ ወደ ክረምት ያሸጋግራል። ሦስተኛ፣ የሰኔ ዝናብ ሳይበረታ፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ የቦይ ጠረጋ በየቀበሌው የሚከፈልበት ቋሚ ሥራ ይሁን። አካፋና ዶማ የያዙ የአካባቢው ወጣቶች ዛሬ ገንዘብ የሚያገኙት ጭቃ የያዘውን መኪና ገፍተው ሲያወጡ ነው። መኪናው እንዳይያዝ በማድረግ ገንዘብ የሚያገኙበት መንገድ ቢከፈት የተሻለ ነው። አራተኛ፣ በታወቁ የመንሸራተት ቦታዎች አቅራቢያ ዶዘርና ሎደር ክረምቱን ሙሉ ተመድበው ይቀመጡ። በታወቁ የወንዝ መሻገሪያዎች ላይም ሾፌሩ ከርቀት የሚያነበው የውሃ ከፍታ ምልክት ይተከል።

እኛ የከተማ ነዋሪዎችም ከዚህ ጉዳይ ውጪ አይደለንም። ወደ ገጠር የምንልካቸው መሐንዲሶች፣ ሐኪሞችና ኦዲተሮች ከመካከላችን የወጡ ናቸው። የፕሮጀክት ግምገማ የሚካሄደው ብዙ ጊዜ መስኩ ደረቅ በሆነበት ወቅት ነው፤ ምክንያቱም ለመውጣት የሚመቸው ያኔ ነው። መንገድን በጥር ገምግሞ ጥሩ ነው ብሎ መፈረም ተማሪን በእረፍት ጊዜው ፈትኖ ማለፊያ እንደመስጠት ነው። ርክክቡ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ክረምት ይለፍበት። ኦዲተሩም በነሐሴ ይውጣ፤ የሚሄድበትም መኪና ሕዝቡ የሚሳፈርበት ዓይነት ይሁን።

ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል ይላሉ አበው። ዝናቡ ጋብ ሲል የመንገዱ ነገር ይረሳል፤ መስከረም ሲጠባም አደይ ጭቃውን ይሸፍነዋል። የሚቀጥለው ክረምት ግን ቀጠሮውን አይስትም። ከአሁኑ እስከዚያ ያሉት የበጋ ወራት ለቦይ፣ ለቱቦና ለገረጋንቲ የሚበቁ ናቸው።